ያለ ፍሬው የተዋጠው ክኒን

ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ አዲስ ጁስ ቤት ተከፍቷል። እኔ እንኳ የጁስ ሰው አይደለሁም፤ ጎትታ ያስገባችኝ ልጄ ሰላም ናት። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ከች ትልና እኔን ከሱቄ አስነስታ ማዞር ነው ሥራዋ። ግድግዳው ላይ በትልልቁ «መርዝ አውጪ ጁስ! ጉበትዎን ይጠቡ!» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ አናናስ፣ ዝንጅብል ተሥሏል። ጥግ ላይ ደግሞ ለሁለት የተገመሰ ትልቅ ቢጫ ፍሬ አለ። እሱን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። ስንት ዓመቴ ካየሁት!

«መራራው!» አልኩ ጮክ ብዬ። አስተናጋጁ የሰደብኩት መስሎት ዞሮ ገላመጠኝ።

«ግሬፕፍሩት ነው እማ» አለች ሰላም እየሳቀች። «ደግሞ ይሄ ጉበት ማጠብ የሚሉት ወሬ ነው። ጉበት ልብስ አይደለም። እዚያና አንጀታችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ አሉ፤ ሠራተኛ በያቸው። ባዕድ ነገር ሲገባ እየሰባበሩ ያስወጣሉ። የምንበላው ነገር ይነካካቸዋል፤ ጎመንን የመሰለው አንዳንዶቹን ያተጋል፣ ይሄኛው ደግሞ አንዳንዶቹን ሥራ ያስፈታል። ለዚህ ነው መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ እንዳይጠጣው የሚባለው።»

«መድኃኒቱን ያረክስበታል?»

«እንዲያውም! መድኃኒትም ለእነሱ ባዕድ ነው፤ የሚሰብረው ሲጠፋ ደም ውስጥ ይከማቻል። ያኔ መጠኑ ከሚገባው በላይ ይሆንና ሰውየውን ይጎዳዋል።»

ነገሩ እንዲያው ለወሬ ያህል ነበር። ከአፌ ግን «የሚጥል በሽታ ክኒንስ?» የሚል ወጣ።

«ሁሉም ባይሆን አንዳንዱ። ካርባማዘፒን ለምሳሌ።»

ያን ስም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ከክኒን ካርቶን ላይ እየፈደልኩ አንብቤዋለሁ። ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ፍሬውን በየቀኑ ይበላ የነበረ ሰው ድንገት ቢያቆምስ?»

ሰላም ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። «ክኒኑ ያንሰዋላ። ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው ይመለሱና ቶሎ ቶሎ ያስወጡታል። ያንኑ ክኒን እየዋጠ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። ምነው እማ?»

ምነው ትለኛለች። ምኑን ልንገራት? እህት ነበረችኝ፤ ሽታዬ ትባላለች። ሰላም ስሟን እንጂ ነገሯን አታውቅም። ቤታችን ውስጥ የሽታዬ ነገር አይነሳም።

አባታችን የጎጃም ሰው ነው። አስተማሪ ሆኖ ወልቂጤ ተመደበ፣ የእምድብሯን እናታችንን አገባ፣ በዚያው ቀረ። እናታችንን አዶት ነው የምንላት፤ በጉራጊኛ እናት ማለት ነው። አባቴም እኛን ሰምቶ አዶት ይላት ነበር፤ በጎጃም አነጋገሩ ሲጠራት ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። ለአዶት ጓሮ ማለት እንሰትና ጎመን ነው። አባቴ ግን አንድ ቀን ከችግኝ ጣቢያ፣ ብርቱካን ነው ብለው የሰጡትን ችግኝ በቆርቆሮ ይዞ መጣና ከእንሰቱ መሀል ተከለው። ከዓመታት በኋላ ሲያፈራ ጉድ አየን። የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ቢጫ ፍሬ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ሥጋው ኮምጣጣም መራራም። አዶት አንዷን ቀምሳ ተፋችና «የአገርህ ብርቱካን እንዲህ ነው?» አለችው። ስሙ በዚያው መራራው ሆኖ ቀረ። ዛፉ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ አንዱ ፍሬ ሳይወርድ ሌላው ይቆጠቆጣል።

ከሽታዬ በቀር የሚበላው አልነበረም። እሷም ጣፍጧት አይደለም። ሽታዬ ትወድቅ ነበር። ልጅ ሆና ነው የጀመራት፤ ክፍል ውስጥ፣ ገበያ መሀል፣ የትም ይጥላታል። ሰው ይሰበሰብና ክብሪት እየጫረ ያሸታታል፤ ያልሄደችበት ጸበል የለም። ኋላ አባቴ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመራትና ክኒን ተጀመረላት። መውደቁ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በዚያ ላይ ክኒኑ ሆዷን ያገላብጠዋል። አንድ ጠዋት ያቅለሸለሻትን ለማስታገስ ከጓሮ መራራውን ቆርጣ መጠጠችና ክኒኑን ዋጠች፤ ረጋላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ያለ እሱ አትውጥም። «ሁለቱም መራሮች ናቸው፣ እርስ በርስ ይስማሙ» እያለች ፊቷን ጭምድድ ስታደርግ እስክንፈርስ እንስቅ ነበር። ጣቶቿ ሁልጊዜ ልጣጩን ልጣጩን ይሸታሉ።

ያኔ ነው መውደቁ ቀጥ ያለው። ይህን አሁን ሳስበው ነው የገባኝ። ያን ጊዜ አዶት ስለቴ ሰመረ አለች፤ አባቴ ክኒኑ ሥራውን ሠራ አለ። ሁለቱም የየራሳቸውን አመሰገኑ፤ ፍሬውን ያመሰገነ የለም። አባቴ ብዙ ሳይቆይ በሳንባ ምች ሞተ፤ ልጁ ድና ማየቱን እያወራ ነው የሞተው።

ሽታዬ ቆንጆ ነበረች። ረጅም፣ ቀይ ዳማ፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ። ተካ የሚባል የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ለንግድ ወልቂጤ ሲመላለስ አያትና ሽማግሌ ላከ። አዶት ነገር አትደብቅም። ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ «ልጄ ትወድቅ ነበር። አሁን በክኒን ቆማለች። ይህን አውቃችሁ ከወሰዳችኋት እሰየው፤ ካልሆነም አልቀየምም» አለቻቸው። ተካ «ክኒኗን እስከዋጠች ድረስ እኔ ምን ቸገረኝ!» ብሎ መልስ ላከ። ሰፈሩ ሁሉ ተካን አወደሰ፤ እኔም ወደድኩት። ያቺ «እስከዋጠች ድረስ» የምትለው ቃል ግን እህቴን ተከትላ ሄደች።

እኔም ተከትዬአት ሄድኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ብቻዋን እንዳትሆን ተብሎ ትምህርቴን ወደ ቡታጅራ አዛወርኩ። ያኔ ከወልቂጤ ቡታጅራ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ደህና መንገድ አይታሰብም፤ ዛሬ ሚኒባሱ በአገና በኩል እንደ ልቡ ሊመላለስ፣ ያኔ ተራራውን ፈርተን በአዲስ አበባ ዞረን ነው የገባነው። አዶት ቅቤውን፣ ቆጮውን፣ ሚጥሚጣውን፣ የእንጨት ጣባውን ሁሉ ጭናልናለች። ፍራፍሬ ግን ማን ይጭናል? በእኛ ዘንድ ሙሽራን ተከትሎ የሚሄድ ነገር ክብር ያለው ነው፤ ፍራፍሬ የልጅ መጫወቻ ነው።

የተካ ቤት ግቢው ሰፊ ነው። በበጋ ጠቅላላ ግቢው በርበሬ ይሰጣበታል፤ ከበር ስትገቡ ማስነጠስ ነው፣ ዓይናችሁ ያለቅሳል። ሴቶች ተሰብስበው ጭራውን ይቀነጥሳሉ። የተካ እናት እትዬ ደስታ መሀላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ኃይለኛ ናት፣ ግን ክፉ አልነበረችም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሽታዬን «የኔ ወለላ» ነበር የምትላት። የቡታጅራ ገበያ ማንጎውና ፓፓያው በሽ በሽ ነው። ሽታዬ ብትዞር ብትዞር መራራውን አጣችው። ሎሚ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በመጨረሻ አፍንጫዋን ይዛ በውሃ ትውጠው ጀመር። እኔ አጠገቧ ነኝ፤ ውሃውን የማቀብላት እኔ ነኝ። ጠዋትም ማታም ዋጠች።

እንዲያም ሆኖ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ወደቀች። የወደቀችው በርበሬው ላይ ነው፤ በፊቷ። ስናነሳት ዓይኗና አፍንጫዋ በርበሬ ብቻ ሆኖ ነበር። ስትነቃ መጮኹ አቃታት። ጎረቤታችን እማማ ከድጃ ወተት ይዛ እየሮጠች መጣችና ዓይኗን አጠበችላት። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ በርበሬ ሲሰጣ ማየት አልወድም፤ እስከ ዛሬ ድረስ የተፈጨ ነው የምገዛው።

በማግሥቱ ሽታዬ ወደ ወልቂጤ የሚመለስ የሰፈራችንን ሰው አገኘችና «ለአዶት ንገርልኝ፤ ክኒኑ አልወርድ ብሎኛል፣ መራራውን ትላክልኝ፣ በጣም አምሮኛል» አለችው። ሰውየው መንገድ ላይ ግማሹን ጥሎ «መራራው አምሮኛል፣ ላኪልኝ ትልሻለች» የሚለውን ብቻ ይዞ ደረሰ። አዲስ ሙሽራ ኮምጣጣ ካማራት ምን ማለት ነው? አዶት እልል አለች። ጎረቤት ሰምቶ አብሮ እልል አለ። ከዚያም ቅቤና የገንፎ ዱቄት በትልቅ ከረጢት አስይዛ ላከች፤ ፍሬ የለበትም። የአዶትን እቃ ያመጣው ሰው ግቢ እንደገባ ለእትዬ ደስታ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አያት ልትሆኚ ነው!» አላት።

ሽታዬ ግን አላረገዘችም። «ኧረ እኔ ክኒን መዋጫ ነው የፈለግኩት» ብትል ማን ይስማት? እትዬ ደስታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነገሩን አገጣጠመችው። ያ ክኒን ማህፀን ይዘጋል እየተባለ ይወራ ነበር፤ ሴቶቹ በርበሬ እየቀነጠሱ ያወሩታል። «ገባኝ!» አለች። «ልጅ ፈልጋ ክኒኑን እየጣለችው ነው። ለዚህ ነዋ የምትወድቀው!» ነገሩ በምሳ ሰዓት ቤታችንን ሞላው፤ ማታ ተካ ጆሮ ደረሰ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል እኮ! እኔ ራሴ ሌላ ሰው ብሆን ኖሮ አምን ነበር።

«ትውጣለች! በዓይኔ እያየኋት ነው የምትውጠው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺማ እህቷ ነሽ፣ ምን ትበይ» አለችኝ እትዬ ደስታ።

ተካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን በገዛ እጁ መስጠት ጀመረ። ትውጣለች፣ አፏን ያስከፍታታል፣ ምላስሽን አንሺ ይላታል። ትልቅ ሴት፣ የቤት እመቤት፣ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ የምትታየው በሰው ፊት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ዝም ብላ መክፈት ጀመረች፤ እኔን የቆረጠኝ ዝምታዋ ነው። አሁንም ግን ትወድቃለች። «ሄዳ ታስታውከዋለች» ተባለ።

ተካ አይጨክንም፤ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ «መድኃኒትሽን በአግባቡ ትወስጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት። አፏን ከመክፈቷ ተካ «ትጥለዋለች ዶክተር፣ እሱ ነው ያስቸገረን» አለ። ሐኪሙ ምን ያድርግ? «እንግዲህ ያለውን ሳትወስድ መጠን አልጨምርላትም። መጀመሪያ ይህንኑ ሳታቋርጥ ትዋጥ» ብሎ ያንኑ ጻፈላት። ከክሊኒኩ ስንወጣ ሽታዬ እጄን ያዘችና «ብዙዬ፣ አንቺ ታምኚኛለሽ አይደል?» አለችኝ። «በደንብ ነዋ!» አልኳት። እሷም «በቃ አንድ ሰው ይበቃኛል» አለች። አልበቃትም።

ወሬው የዘቢዳርን ተራራ ተሻግሮ ወልቂጤ ደረሰ። አዶት በአዲስ አበባ ዞራ መጣች። ሽታዬ እሷን ስታይ እንዴት እንደሮጠች! አዶት ግን አላቀፈቻትም። ከተቀመጠች በኋላ ነጠላዋን እያስተካከለች «በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቼልሽ ነበር። ለምን ታዋርጅኛለሽ? ለምን ትዋሻለሽ?» አለቻት።

«አልዋሸሁም አዶት። በአባቴ አፅም፣ አንድም ቀን አልጣልኩም።»

«በሞተ ሰው አትማዪ!» አለችና አዶት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በመካከላቸው የተባለው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። አዶት በማግሥቱ በጠዋት ተመለሰች፤ ሽታዬ እስከ መናኸሪያ ሸኝታት ቆማ ቀረች።

ግንቦት ላይ ነው። ሽታዬ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። ሌሎቹ ሴቶች ከፍ ብለው ነበር የሚያጥቡት፤ እሷ፣ መታየቱ ሰልችቷት ይመስለኛል፣ ለብቻዋ ታች ወረደች። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም፤ በፊቱ ለሚወድቅ ሰው ግን ይበቃል። እማማ ከድጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ አስጠራችኝ። «ነዪ ልጄ፣ ቤት እንሂድ» ብቻ አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ «ኢና ሊላሂ» ይላል። ገባኝ፤ ገብቶኝም እስከ በር ድረስ ሌላ ሰው ይሁን እያልኩ ነው የሄድኩት።

ሬሳዋን ወልቂጤ አምጥተን ቀበርናት። ተካ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ፤ እትዬ ደስታም ደረቷን መታች። ለቀስተኛው ግን ድንኳን ውስጥ በሹክሹክታ ያንኑ ነው የሚያወራው፦ «መድኃኒቷን ጥላ ነው አሉ።» አዶት ትሰማለች። ያን ዓመት መራራው እንደ ጉድ አፈራ። ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ተሸክሞ ቆሞ፣ የሚለቅመው ጠፍቶ እየወደቀ እንሰቱ ሥር በሰበሰ። የሰፈር ልጆች እንደ ኳስ ይለጉት ነበር። ከዓመታት በኋላ የሚከራይ ክፍል ስንሠራ ዛፉ ተቆረጠ።

ሰላም ይህን ሁሉ ጁስ ቤቱ ውስጥ እጄን ይዛ ሰማችኝ። ሲያልቅ «እርግጡን ማወቅ አይቻልም እማ፤ ደሟ አልታየም» አለች። «ግን ያልሽው ሁሉ ይገጥማል። ደግሞ ፍሬው መድኃኒት አልነበረም፤ የክኒኑ መጠን ትንሽ ስለነበር ነው የደገፈላት። ዋናው ነገር ሌላ ነው። እየዋጠች እንደሆነ ቢያምኗት ኖሮ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምርላት ነበር።»

አዶት አሁን እኔ ቤት ናት፤ ከሰማንያ አልፋለች፣ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ልንገራት ወይስ ይቅር እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ብነግራት ልጇ ከውሸት ትነጻላታለች፤ የፍሬው ነገር ደግሞ ይገድላታል። ባልነግራት ልጄ ዋሽታኝ ሞተች እንዳለች ትሞታለች። ሰኞ ከሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና እንደ ሰላም አድርጌ ከነሠራተኞቹ ነገርኳት። 

«እንግዲያው አልዋሸችኝም» አለች።

«አልዋሸችሽም አዶት።»

ጉልበቷን አሸች። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። «ለቅሜው ነበር እኮ። ያኔ ላኪልኝ ስትል ከረጢቱን በመራራው ሞልቼ አስሬው ነበር። ኋላ፣ ለእርጉዝ ልጇ ይህን ላከች ብለው አማቾቿ እንዳይስቁብኝ ብዬ ፈታሁት። ቅቤ አደረግኩበት።»  እኔ አቅፌአት አለቀስኩ፤ ምን ሌላ ይደረጋል?

በማግሥቱ በጠዋት ተነሥታ ከዘራዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በባጃጅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። መቃብሩ አጠገብ ስትደርስ እንድርቅላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ከሩቅ ሆኜ አያታለሁ፤ ድንጋዩን በመዳፏ እየጠረገች ታወራለች፣ ታቆማለች፣ ታወራለች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ አልጠየቅኳትምም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጇን እጄ ላይ ጭና ነበር። ላጽናናት ብዬ «ያኔ እኮ አዶት፣ ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም» አልኳት።

«ለምን አልነበረም?» አለችኝ ከመንገዱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «እሷ ታውቅ ነበር። መዋጧን እሷ ታውቅ ነበር፤ ነግራናለችም።»